ቄሱ የፈረመበት ቆጠራ

የካቲት 4

አባዬ፣

መጀመሪያ ሰላምታዬን ውሰድ፤ ቁጣዬ ከኋላ እየመጣ ነው።

በስልክ "ሁሉም ደህና ነው" ማለት በጣም ቀሎልሃል። ባለፈው እሁድ ደውዬ እማዬን አቅርብልኝ ስልህ ገበያ ወጥታለች አልከኝ። ረቡዕ ስደውልም ገበያ። ቅዳሜም ገበያ። እማዬ ገበያ እንደማትወድ፣ ሽንኩርቱንም ቲማቲሙንም ተሸክመህ የምትመጣው አንተ እንደሆንክ የረሳሁ መሰለህ? ስለዚህ ከእንግዲህ በስልክ አልጠይቅህም። ጻፍልኝ። ስልክ ላይ ጉሮሮህን ጠርገህ ወሬ ትቀይራለህ፤ ወረቀት ላይ ግን ስትሸሽ ያስታውቅብሃል።

እኔ እንደምታውቀው አልጋ ላይ ነኝ። የደም ግፊቴ አልወርድ ስላለ ሐኪሙ እስክወልድ ድረስ እንዳልነሳ አዟል። ስንቷን ነፍሰ ጡር "ተኚ ብዬሻለሁ" እያልኩ የተቆጣሁ አዋላጅ ነርስ፣ ይኸው ባልደረቦቼ በየተራ እየመጡ ብድራቸውን ይመልሱልኛል። ባለቤቴ ጠዋት ሾርባ አስቀምጦልኝ ይወጣል፤ ማታ ሲመለስ ጣሪያውን እያየሁ ያገኘኛል። ለማሰብ ጊዜ አለኝ ማለት ነው።

አጎቴ ለከንቲባነት እንደሚወዳደር ራሱ ደውሎ ነገረኝ። ከፋርማሲዋ ባለቤት ጋር ነው አሉ የሚፎካከረው። ሁለቱም ያንተ ምእመናን፣ ሁለቱም የእኔን ክርስትና ያዩ ሰዎች። "አባትሽ ግን ዞር በል ብሎኛል" አለኝና ሳቀ። ሳቁ አላማረኝም። ምን አልከው? እማዬስ የት ናት?

አኩርፋ የማታውቅ፣ አሁን ግን የጀመረች ልጅህ


የካቲት 13

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ነው ያነበብኩት። ካነበብኩ በኋላ ተቀመጥኩ። የገበያውን ነገር ይቅር በይኝ፤ ውሸትም አይደለም፣ እውነትም አይደለም። እናትሽ አጎትሽ ቤት ናት። አሁን እዚያ ለሚመላለሰው የምርጫ ቀስቃሽ ሁሉ ምግብ የሚያበስል ሰው ያስፈልጋልና ገበያም መውጣቷ አይቀርም።

ምን እንዳልኩት ጠይቀሻል። ለእሱ ምንም አላልኩትም፤ የጠየቀችኝ እናትሽ ናት። ከመዘምራን ልምምድ መጥታ፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ "እሁድ ወንድሜን መድረክ ላይ አውጥተህ እጅህን ጫንበትና ጸልይለት፤ ሌላ ምንም አልጠይቅህም" አለችኝ።

ለፋርማሲዋ ባለቤትም እንደዚያው ላድርግ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። እሷ ወንድሜ አይደለችም አለች። ለእኔ ግን ሁለቱም እኩል ናቸው፣ አንዱን ካወጣሁ ሌላዋን ገፋሁ ማለት ነው አልኳት። ሁለቱንም አታውጣቸው ብትይኝ ደስ ይለኝ ነበር አልኩ። ብዙ አልኩ፤ ታውቂኛለሽ፣ ስፈራ ስብከቴ ይረዝማል።

እሷ ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ፣ "ቄስ ከሆንክ ጀምሮ ለማንም አድልተህ አታውቅም። ሰው ሁሉ በዚህ ያመሰግንሃል፤ እኔም አመሰግንሃለሁ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለእኔ ብታደላ ምን ይልሃል?" አለችኝ።

  እሱ ለእሷ ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ትምህርቱን አቋርጦ፣ የሰው መኪና ሥር እየተኛ፣ ዘይት ፊቱ ላይ እየተንጠባጠበ ነው እናትሽን አስተማሪ ያደረጋት። ጋራዡን የከፈተው እሷ ተመርቃ ሥራ ከያዘች በኋላ ነው። ሰርጋችን ላይ እጇን ለእኔ ሲሰጠኝ ጥፍሩ ውስጥ ግራሶ ነበረበት፤ አጥቦ አጥቦ አልለቅለት ብሎ።

በማግስቱ ትንሿን ሻንጣ አዘጋጀች። ምርጫው እስኪያልፍ እሱን ላግዝ አለች። ሻንጣውን እኔ ተሸክሜ እስከ ታክሲው ሸኘኋት። መንገድ ላይ ስለ መዘምራኑ ነገረችኝ፤ እሷ በሌለችበት እንዳልዘምር፣ እኔ ዝም ስል ነው ዜማው የሚያምረው አለች። ሳቅን። ስለዚህ አትጨነቂ፤ ተጣልተን አይደለም የተለያየነው። ተኝተሽ እረፊ።

አባትሽ


የካቲት 22

አባዬ፣

ስላልዋሸህ አመሰግናለሁ፤ ስለዘገየህ ግን ተቀይሜሃለሁ።

እማዬን አጎቴ ቤት ደውዬ አገኘኋት። ድምፅዋ ደክሟል። "እኔ አባትሽን አልተውኩም፤ ወንድሜን ነው ያልተውኩት" አለችኝ። ሌላ ምንም ልታወራኝ አልፈለገችም፤ ስለ እግሬ እብጠትና ስለምበላው ነገር ስትጠይቀኝ ቆየች።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም አልገባኝም። ለታመመ ትጸልያለህ። ፈተና ለሚፈተን ተማሪ ትጸልያለህ። ያኔ የድንጋይ ነጋዴው አዲስ የጭነት መኪና ሲገዛ ግቢ ድረስ ወጥተህ፣ ሞተሩ ላይ እጅህን ጭነህ ጸልየሃል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። አጎቴ ከጭነት መኪና ያንሳል? ማን ይመረጥ ብለህ አትናገር፤ ግን እማዬ የለመነችህን ያህል ብትጸልይ ሰማይ ይደረመሳል?

እዚህም ቢሆን ከምርጫው አላመለጥንም። ባልደረቦቼ ሲነግሩኝ፣ የምሠራበት የሆስፒታል ክፍል በሁለት ተከፍሏል። የሌሊት ተረኛና የቀን ተረኛ ነርሶች ሥራ ሲረካከቡ ስለ በሽተኛው ካልሆነ በቀር አይነጋገሩም። በፊት ምሳ ከአንድ ሣህን ይበሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱን ሰው ቄሱ የሚወደውን ነግሮታል መሰለኝ፣ ሁሉም እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ነው ይላል። ይህን ስጽፍልህ የአንተ ነገር በከፊል እየገባኝ ነው፤ ግን ገና አልተሸነፍኩልህም።

የሆዴ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ትራገጣለች። ሴት ናት ብያለሁ፤ ማንም አልነገረኝም።

ልጅህ


መጋቢት 3

ልጄ፣

መኪናው ተፎካካሪ የለውም። ያ ነው ልዩነቱ።

ስቀሽ ከሆነ ደግ፤ አሁን የምሬን ልጻፍልሽ። እኔ መድረክ ላይ ስቆም ከታች የተቀመጠ ሰው እጁን አውጥቶ "አይደለም" ሊለኝ አይችልም። ሰላሳ ዓመት ማንም ብሎኝ አያውቅም፤ ከእናትሽ በቀር፣ እሷም ቤት ስንገባ ነው። ምርጫ ደግሞ ሰው "አይደለም" እንዲል የተሰጠው ቦታ ነው። አጎትሽን መድረክ ላይ አውጥቼ እጄን ብጭንበት፣ በማግስቱ ፋርማሲዋን የሚመርጥ ሰው እኔን ብቻ ሳይሆን እግዚአብሔርን እምቢ ያለ መስሎ ይሰማዋል። ያንን ሸክም በድሃ ሰው ጀርባ ላይ ልጭን አልችልም። እኔም ድምፅ እሰጣለሁ፤ ለማን እንደሆነ ግን ለእናትሽም አልነገርኳትም።

ዝም ብዬ ግን አልተቀመጥኩም። የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ከፍቼ ሁለቱንም ጠራኋቸው፤ ሕዝቡ እንዲጠይቃቸው። ስለ ውኃ ተጠየቁ፣ ስለ አውቶቡስ መናኸሪያው ተጠየቁ። አጎትሽ ጥሩ መለሰ። ፍሬን ስለሌለው የከተማው ቆሻሻ መኪና ሲያወራ ተፎካካሪው ራሷ ሳቀች። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። እናትሽ ፊት ለፊት ተቀምጣ አንድም ጊዜ ዓይኗን ወደ እኔ አላነሳችም።

የፋርማሲዋም ሰዎች አልወደዱኝም። አጎትሽ ላይ የሚወራ ወሬ አምጥተው በስብከት እንዳወግዘው ፈለጉ። ማስረጃ አላችሁ ወይ አልኳቸው፤ ዝምድና ይዞህ ነው አሉኝ። አሁን ሰዉ የአንዱ ደጋፊ በቀኝ፣ የሌላው በግራ ይቀመጣል። ማንም አላዘዛቸውም። ባለፈው እሁድ አሮጊቷ ልብስ ሰፊ በሩ ላይ ቆመው፣ "ቄስ፣ እኔ ገና አልወሰንኩም፤ የት ልቀመጥ?" አሉኝ። መሀል መተላለፊያው ላይ ወንበር አወጣሁላቸው። ሌላ ምን ላድርግ?

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው። በእኛ ምርጫ ጣቢያ ቆጠራውን እንድታዘብ ሁለቱም ወገኖች ጠይቀውኛል። መጀመሪያ ስሜን ያነሳው አጎትሽ ነው። "ቄሱ ካለበት እኔ እቀበላለሁ" አለ። ይህን ስሰማ ልቤ ተነካ፤ እናትሽም ሰምታ ደስ ብሏት ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

አልተሸነፍኩልህም ያልሽኝን ወድጄዋለሁ። እንዲያ ሆነሽ ቆዪ።

አባትሽ


ሚያዝያ 5

ልጄ፣

በስልክ የጠየቅሽኝን በስልክ ልመልስልሽ ያልቻልኩት አጠገቤ ሰው ስለነበረ ነው። አዎ፣ እውነት ነው። አዎ፣ ፈርሜያለሁ።

የተቆጠረው እናትሽ ስታስተምርበት በነበረው ክፍል ውስጥ ነው። የፊደል ገበታው አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። ኮሮጆው በፊታችን ተከፈተ፤ እያንዳንዱ ወረቀት ከፍ ተደርጎ ታየ፣ ተነበበ፣ ተቀመጠ። የአጎትሽ ወኪል አጠገቤ ነበር። የፋርማሲዋም ወኪል ነበረች። የሌላው ጣቢያ ሁሉ ድምፅ ተደምሮ እኩል ለእኩል ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ስለነበር ሁሉም ዓይኑ እኛ ላይ ነበር። አጎትሽ በአርባ አንድ ድምፅ ተሸነፈ። እንደገና ይቆጠር አሉ፤ እንደገና ተቆጠረ። አርባ አንድ። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አንብቤ ፈረምኩ። የእሱ ወኪልም ፈርሞ ነበር፤ በማግስቱ ተገድጄ ነው አለ።

አጎትሽ ጠዋት ቢሮዬ መጣ። አልተቀመጠም።

"ወረቀት ሲቀየር አይቻለሁ በል" አለኝ።

"አላየሁም።"

"አንድም ያጠራጠረህ ነገር የለም?"

"አንድም። ቢኖር እነግርህ ነበር።"

"እኔ እህቴን ሰጥቼሃለሁ" አለ።  በመስኮቱ ስመለከት እናትሽ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች፤ ጋቢና፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ልክ መዘምራኑ እስኪገቡ ስትጠብቅ እንደምትቀመጠው።

የሬዲዮ ጋዜጠኛ ደውሎ ጠየቀኝ፤ ያየሁትን ተናገርኩ። በዚያው ሰሞን የቤተ ክርስቲያኑ መስኮቶች ተሰበሩ። ማን እንደሰበራቸው አላውቅም፤ አውቃለሁ የሚሉኝንም አልሰማቸውም። ፋርማሲዋ ላመስግንህ ብላ መጣች። ለአንቺ ብዬ አላደረግሁትም አልኳት። ለሹመቷ ቀን አደባባይ ወጥቼ እንድባርካት ስትጠይቀኝም እምቢ አልኩ፤ እሁድ ከሌላው ሰው ጋር እየመጣች ከተቀመጠች ከሌላው ሰው ጋር እጸልይላታለሁ። ተከፍታ ሄደች። እንግዲህ አሁን ከሁለቱም ወገን ወዳጅ የለኝም ማለት ነው።

እናትሽ ሐሙስ ዕለት ቤት መጥታ የቀሩ ልብሶቿን ወሰደች። እኔ ማጠፍ አገዝኳት። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች፤ አንድ ነገር ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። "ዝናቡ ሳይጀምር ጣሪያውን አስጠግን" አለችኝ። ሄደች።

ይህን ያህል ነው ያለኝ።

አባትሽ


ሚያዝያ 20

አባዬ፣

አልፈርድብህም፤ ላጽናናህም አልችልም። በአንድ ልብ ኮርቼብሃለሁ፣ በሌላው ልቤ ደግሞ ያችን ፊርማ ባልፈረምክ እላለሁ። ሁለቱም እኔ ነኝ፤ ምን ላድርጋቸው?

አሁን የምጠይቅህ ሌላ ነው። እማዬ ባለፈው ሳምንት ስታወራኝ በየሁለት ቃሉ ትንፋሽዋ ይቆረጣል። ደረጃ ወጥታ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ አልጋ ላይ ነኝ አለችኝ፣ ከዚያ ምላሷን ነክሳ ሶፋ ላይ ማለቴ ነው አለች። ስታስል ሰማኋት። እግሯ አብጧል? ትራስ ደርባ ነው የምትተኛው? ሐኪም አይቷታል? ከዚያ ወዲህ ስደውል አጎቴ ተኝታለች እያለ ይመልሰኛል።

ባለቤቴን ሂድና እያት ብዬው ነበር፤ ብቻሽን ትቼሽ አልሄድም አለ። አንተ ግን እዚያው ነህ። ተጣልታችሁም ቢሆን ሂድና እያት፤ ያየኸውን ጻፍልኝ። አንተ መዋሸት እንደማትችል እንኳን እኔ፣ አሁን ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ልጅህ


ግንቦት 6

ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ባለቤትሽ ግፊትሽ ጥቂት ወረድ ማለቱን ነግሮኛል። እግዚአብሔር ይመስገን። ትንሽ ነው የቀረሽ፤ ሌላ ነገር አታስቢ።

የመስኮቶቹ መስታወት ተገጥሟል። ጣሪያውንም አንድ አናጺ ጀምሮልኛል። ዝናቡ ቀደም ብሎ መጣብንና ሁለት እሁድ ባልዲ ደርድረን ነው ያመለክነው። ልብስ ሰፊዋ አሁንም መሀል ይቀመጣሉ።

ስለ እናትሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እንዳልሽው ሄጄ አይቻታለሁ። ብርድ ቢጤ መትቷት ብዙ አልተመቻትም ነበር፤ አሁን ግን አርፋለች። ስልክ ላይ ብታጪያት አትደንግጪ። ስላንቺ ብዙ አውርተናል። መልካም መልካሙን ታስብልሻለች።

መጻፍ ዛሬ አልሆን ብሎኛል። አንቺም እረፊ።

አባትሽ


ሰኔ 3

አባዬ፣

ሴት ናት። ጤነኛ ናት። ይህን መጀመሪያ የጻፍኩት ለአንተ ብዬ ሳይሆን ከእሷ ቀድሞ ክፉ ነገር እንዳይጻፍ ብዬ ነው።

አጎቴ ትናንት ደወለ። እንኳን ደስ ያለሽ ሊለኝ ነው። ድምፄን ሲሰማ አለቀሰ። የደስታ መስሎኝ እኔም ሳቅሁ። "እህቴ ይህን ሳታይ" አለ። ሳታይ ምን? አልኩት። ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም ገባኝ፤ ሥራዬ ነው፣ ከቀዶ ጥገና ክፍል የሚወጣ ሰው እንዲህ ዝም ሲል ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። "አባትሽ አልነገረሽም እንዴ?" አለኝ።

ከዚያ ደብዳቤህን አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። "አሁን ግን አርፋለች።" አባዬ፣ ቃሉን መርጠህ ነው አይደል የጻፍከው? እኔ ተኛች፣ ተሻላት ብዬ እንዳነብ፤ አንተ ግን ውሸት ጻፍኩ እንዳትል። አራት ቀን ሆኗት ነበር ያን ስትጽፍ። እኔ ደግሞ ደብዳቤህን አንብቤ ደስ ብሎኝ፣ ሾርባዬን ጠጥቼ ተኛሁ። በሕይወቴ ከበላሁት ሁሉ ያ ሾርባ ነው የሚያንገበግበኝ።

ባሌም ያውቅ ነበር። ሐኪሙም። ሁላችሁም ተማክራችሁ። ለምን እንደሆነ አዋላጅ ሆኜ አይጠፋኝም፤ ለሌላ ሴት ቢሆን እኔም ዝም በሉ እላቸው ነበር። ግን አንተ ነህ። ለአርባ አንድ ወረቀት ብለህ ቤትህን ያፈረስክ ሰው ነህ። ለማያውቅህ ሕዝብ ሁሉ እውነቱን ነግረህ ለእኔ ሲሆን ለምን ቃል አሳመርክልኝ?

እውነቱን የነገረኝ አጎቴ ነው። ስለ ቆጠራው የዋሸው አጎቴ።

እንዴት ሞተች? አንተ ነበርክ? ማን ቀበራት? ምንም አታስቀርብኝ።


ሰኔ 12

ልጄ፣

ለሕፃኗ እንኳን ደስ ያለሽ። ለሌላው ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፤ እና ከዚህ በታች ምክንያት አላበዛም። ባለቤትሽ ሐኪሙ ድንጋጤ ግፊትሽን ያንረዋል ማለቱን ነገረኝ፤ ከሁለት አንዳችሁን እንዳላጣ ፈራሁ። ቃሉንም መርጬ ነው የጻፍኩት። ሌላ ውሸት ጽፌ ቀደድኩት፣ ያኛው ሲመጣልኝ ግን ደግሜ እንኳን ሳላነበው አሸግኩት። ያ ነው ስለ ራሴ ያስደነገጠኝ። ለቆጠራው ሲሆን የሌላው ሰው ልብ መሰበሩ አላስቆመኝም፤ ላንቺ ሲሆን አስቆመኝ። እንግዲህ እናትሽ አንድ ጊዜ አድላልኝ ስትለኝ የለመነችኝ ይህንን ነበር። ማዳላት እችል ነበር ማለት ነው።

የልብ ድካም ነው አለ ሐኪሙ። ስትደብቀው ቆይታለች። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ አጎትሽ ቤት ሄድኩ፤ በሩን የያዙት የጋራዡ ልጆች አናስገባህም አሉኝ። በነጋታውም ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን አጎትሽ ራሱ ወጣ። ምንም ሳይለኝ በሩን ከፍቶ ወደ ጋራዡ ሄደ።

ሦስት ትራስ ደርባ ነበር የተቀመጠችው። እግሯ ልክ እንዳልሽው ነበር። እጇን ያዝኩ። ከዚያ ጠየቀችኝ።

"ቆጠራው እውነት ነበር?"

"እውነት ነበር።"

"አውቄዋለሁ። የፈረምክ ቀን ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ለምን ወደ ቤትሽ አልመጣሽም?"

"ቢያሸንፍ ኖሮ በማግስቱ እመጣ ነበር" አለችኝ። "ሲሸነፍ እንዴት ትቼው ልሂድ?"

ወደ ቤት ልውሰድሽ ብዬ ለመንኳት። አይሆንም አለች፤ እሷ ከወጣች ወንድሟ ብቻውን እንደሚቀር፣ እኔ ግን ቢያንስ መስበኪያ ቦታ እንዳለኝ ነገረችኝ። ስትቀልድ ነው፤ ታውቂያታለሽ። ስላንቺ አወራን። ሴት ናት ትያለሽ ብዬ ነገርኳት፤ እሷም እንደዚያ ብላ ነበር። በየቀኑ ልመለስ ተስማማን። በማግስቱ ስሄድ ገና በሩ ላይ የአጎትሽን ጩኸት ሰማሁ።

የቀበራት ሌላ ቄስ ነው። አጎትሽ ከሌላ ከተማ አስመጣው፤ አሁን ከቤተ ክርስቲያናችን የወጡት የአጎትሽ ደጋፊዎች ሲኒማ ቤቱን ተከራይተው የሚያመልኩት ከዚያ ቄስ ጋር ነው። ላለመከራከር ወሰንኩ። መቃብሯ ላይ ሰው ሲገፋፋ አይቼ መኖር አልችልም ነበር። ሰላሳ ዓመት የሌላውን ሁሉ ሚስት፣ የሌላውን ሁሉ ባል ቀብሬያለሁ፤ የራሴ ስትቀበር እንደ ማንም ሰው ባርኔጣዬን ይዤ ሕዝቡ መሀል ቆምኩ። መዘምራኑ ከሁለቱም ወገን መጥተው ነበር። አብረው ዘመሩ፣ ከዚያ ለየብቻ ሄዱ።

ምንም አላስቀረሁም።

አባትሽ


ሰኔ 24

አባዬ፣

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ልጽፍልህ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። ገና አልደረስኩበትም። ስደርስ አንድ ቀን በድንገት ታየዋለህ፤ እስከዚያ እንደተቀየምኩህ ውደደኝ።

እናቴን አላለቀስኳትም። ጡት እያጠባሁ ማልቀስ አልችልም፤ ሕፃኗ ፊቴን ታየኛለች። የሚያውቃት ሰው አጠገቤ ሲኖር ነው የማለቅሰው። እዚህ ማንም አያውቃትም። ባሌ ሁለት ጊዜ ነው ያያት።

ስለዚህ ና። ለአጎቴም ደውዬ ና ብዬዋለሁ። አዎ፣ ሁለታችሁንም። የእንግዳ ክፍል አንድ ነው ያለን፤ አልጋውም አንድ ነው፣ ፍራሽ መሬት ላይ እንዘረጋለን። ከሁለት አንዳችሁ ብቻ እንድትመጡ አልፈልግም። ማንን ልምረጥ? አታስመርጡኝ።

ልጅህ


ሐምሌ 2

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ይዤ ጋራዡ ሄድኩ። ያልተላክሁበት ቦታ እንደሄድኩ አውቃለሁ፤ ግን መልስ ከመጻፌ በፊት የእሱን መስማት ነበረብኝ።

አንድ መኪና ሥር ተኝቶ ይሠራ ነበር። ባለቤት ከሆነ በኋላ መኪና ሥር ገብቶ አያውቅም። የጋራዡ ልጆች አዩኝና ወደ ውስጥ ገቡ። እግሮቹን እያየሁ ቆሜ፣ ልጅቷ ሁለታችንንም ጠርታናለች፣ አብረን እንሂድ ወይ አልኩት። የብሎን መፍቻው ሲዞር ይሰማኛል። ቆይቶ ወጣ፤ እዚያው መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ከስቷል። ፂሙ ነጭ ሆኗል።

በአንድ አውቶቡስ ከአንተ ጋር አልሳፈርም አለኝ። እሺ አልኩት። በቆጠራው የተናገርከውን እስክሞት አልረሳውም አለኝ። እሺ አልኩት። ልሄድ ስል ጠራኝ፤ በስሜ፣ እንደ ድሮው፣ ቄስ ከመሆኔ በፊት ይጠራኝ እንደነበረው።

"አንተ ቀድመህ ሂድ" አለ። "ግን ስደርስ እዚያው ቆየኝ። ሕፃኗ እህቴን መስላ እንደሆነ፣ ብቻዬን ላያት አልችልም።"

በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ሐሙስ በጠዋቱ አውቶቡስ እነሳለሁ። እሱ ቅዳሜ ይደርሳል። እሁድ ልብስ ሰፊዋንና የቀሩትን ሰዎች አንድ ሽማግሌ እንዲመራቸው ነግሬያለሁ። ፍራሹን ለእኔ ዘርጊልኝ፤ አልጋው የእሱ ነው።

አባትሽ